በመሐል ሜዳ ለባሕር ቱቦ ስዘረጋ

እኔ የገጠምኩት ቱቦ አንጠባጥቦ አያውቅም። ከመሐል ሜዳ እስከ ቀየት፣ ቆላ ወርዶ እስከ ዓለም ከተማ ድረስ ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግሯችኋል፤ የምትጠይቁት እኔን ከሆነ።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ግን አለቃዬን ከነልብሳቸው አጥቤያቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በከተማው ውሃ ክፍል በረዳትነት ተቀጥሬ ፎርማን ወንድይራድ በሚባሉ ሰው ሥር ተመደብኩ። ፎርማኑ ደረት በሚደርስ ቦይ ውስጥ ወርደው የተሰነጠቀ የብረት ቱቦ በመጋዝ ይቆርጣሉ። እኔ ሃምሳ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ካለው መዝጊያ ዘንድ ቆሜያለሁ። ጠበቅ አድርገው ብለው ተጣሩ። ጠበቅ አደረግሁት፤ ያዞርኩት ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። ኅዳር በእኛ አገር ውርጩ ራሱ በርዶት እሳት ፍለጋ ቤት ለቤት የሚዞርበት ወር ነው። ፎርማኑ ከቦዩ ሲወጡ ኮፍያቸው ውሃውን ተከትሎ ሄዷል። ለዓመታት አብሯቸው የሠራው ሰው ሁሉ ራሰ በራ መሆናቸውን ያወቀው ያን ቀን ነው።

ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ኮታቸውን ጨምቀው ወደ ፓምፕ ቤቱ ወሰዱኝ። ከፓምፑ በላይ የተገጠመ፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል የናስ ዕቃ አሳዩኝ። ቼክ ቫልቭ ይባላል፤ ውሃን ወደፊት ያሳልፋል፣ ወደኋላ አይመልስም። መብራት ሲጠፋ ሽቅብ የተገፋው ውሃ ሁሉ ተመልሶ ቁልቁል እንዳይወርድና ፓምፑን እንዳይሰብር የሚይዘው እሱ ነው። ውሃችን ከገደል ሥር ተገፍቶ የሚወጣ፣ መብራታችን ደግሞ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ይህ ዕቃ በእኛ ሙያ ውስጥ ታቦት ነው። «ፓምፕ ያለ ቼክ ቫልቭ ትተህ ከሄድክ ሙያተኛ ነኝ አትበል» አሉኝ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ ይህ ነበር፤ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ሦስት ዓመት ረዳት፣ አምስት ዓመት ቧንቧ ሠራተኛ፣ ከዚያ ዋና ቧንቧ ሠራተኛ ሆንኩ። ጎሚቶ፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ ስገጥም ቱቦው ሲታጠፍ የሚሰማውን ስሜት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የናስ ቼክ ቫልቭ ያልገጠምኩበት ፓምፕ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የለም። ኋላ ከመንግሥት ሥራ ወጥቼ በራሴ መሥራት ስጀምርም የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ይቀመጥ ነበር። ሌላው ሰው ክታብ ይይዛል፤ እኔ ቼክ ቫልቭ።

ፕላን ወረቀት ላይ አልሥልም ነበር። ደንበኛ ፕላን ሲጠይቀኝ ግንባሬን በጣቴ መታ መታ አደርግና እዚህ አለ እላለሁ። አንዳንዱ ያምናል። አንዱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ብቻ ግንባሬን ትኩር ብሎ አይቶ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስማቸው ጋሽ ደምሴ ነው። የግሼ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወጥተው በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ካፒቴን ሆነው አያውቁም። መርከቡ ሆድ ውስጥ ዘይት ሲያጠጡና ቱቦ ሲጠግኑ ነው የኖሩት። መሐል ሜዳ ግን ባሕር ያየ ሰው ስለሚያንሰን ማዕረግ ስንሰጥ ቸሮች ነን።

ሱቄ ደጃፍ ቆሙና ቤታቸው ውስጥ የባሕር ገንዳ ሊያቆሙ እንደሆነ፣ የጨው ውሃ፣ ዓሣና ኮራል እንደሚያኖሩበት፣ ቱቦውን እኔ እንድዘረጋው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ይህን ሠርተህ ታውቃለህ ወይ አሉኝ። ስንቱን አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የባሕር ዓሣ ያየሁት በሰርዲን ጣሳ ላይ ነበር፤ እሱም ሥዕሉን።

ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የባና ነጋዴ ናቸው። ባና ለማያውቅ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ አንዱን የለበሰ ሰው ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ግማሹ ቤት ተደርድሮ ባና ነው። በቀረው ግማሽ ላይ ነው ባሕሩ የሚቆመው።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ነው። ጋሽ ደምሴ ባሕር ሥር ኮራል የሚባል ሕይወት ያለው ድንጋይ አለ፣ እንደ አበባ ይፈካል፣ እጅ አለው፣ ምግብ ሲቀርብለት ይዞ ይበላል እያሉ ለሚስታቸው ከተጋቡ ጀምሮ ሲነግሯቸው ኖረዋል። እትዬ አስካለም ከተጋቡ ጀምሮ አላመኑም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «የኔ ባል ያየው ድንጋይ ምሳ ይበላል» እያሉ ገበያውን ያስቁበታል። ፎቶ ቢያሳዩአቸው ዛሬ በስልክ ላም ይበር የለም ወይ ይላሉ። ጋሽ ደምሴም አብረው ይስቃሉ።

እትዬ አስካለ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ጋሽ ደምሴ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ከዚያ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው አሳዩኝ። ግራው ጨርሷል። ቀኙ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሏቸዋል። «እኔም ሳየው እሷም አብራኝ ትየው። ከዚያ በኋላ ያሻው ይሁን» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ይዤ አላውቅም። እኔን የሚያምነኝ ሰው ስለሌለ፣ ሳይታመኑ መኖር ምን እንደሆነ ጥቂት አውቃለሁ።

ፕላኑ እዚህ አለ ብዬ ግንባሬን መታ መታ አደረግሁ። ጋሽ ደምሴ ጠመኔ ሰጡኝና ከሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀመጡኝ። «መርከብ ላይ ፕላን የሌለው ቱቦ የት እንዳለ የሚታወቀው ከሰጠመ በኋላ ነው» አሉ። አራት ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ እንደ ተማሪ ወለል ላይ ተንበርክኬ ሣልኩ። እትዬ አስካለ በእግራቸው እያጠፉብኝ ያልፋሉ፤ እኔ እንደገና እሥላለሁ።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ላይ ሦስት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ሥሩ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሌላ አነስ ያለ ገንዳ አለ፤ ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና ፓምፑ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ላይኛው ሲሞላ ትርፉ ጫፉን አልፎ በወፍራም ቱቦ ይወርዳል። ፓምፑ ደግሞ በቀጭን ቱቦ መልሶ ይገፋዋል። ውሃው ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ እንደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ።

ጭንቁ መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመጣበት ቀጭን ቱቦ ወደኋላ ይሳባል። አፉ ከላይኛው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከሆነ፣ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ገንዳውን እየሳበ ያወርዳል። ታችኛው ገንዳ ሞልቶ ከተገኘ ባሕሩ ወለል ላይ ነው፤ ከዚያም ባናው ላይ።

መፍትሔው ኪሴ ውስጥ ነበር። የናስ ቼክ ቫልቭ እንገጥማለን አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ ገና ሳልጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛ፣ ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ የጨው ውሃ መዳቡን ይፈታዋል፤ ሰው የማይሰማው መዳብ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ገልቫናይዝድ ብረትም አይገባም፤ ሁሉም ፕላስቲክ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቫልቭ ጨውና አሸዋ ሲይዘው ከፈት ብሎ ይቀራል። «እኔ የማምነው ቦታን ነው» አሉ። ማለታቸው፣ መብራት ሲጠፋ የሚወርደው ውሃ ስንት እንደሆነ እናሰላለን፣ ታች ለሱ የሚበቃ ባዶ ቦታ ሁልጊዜ እንተዋለን።

አሰላን። የመመለሻው ቱቦ አፍ አራት ጣት ከጠለቀ የሚወርደው ውሃ ከቦታው በላይ ሆነ። ሁለት ጣት አደረግነው። ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ወዲያው አየር ስቦ መውረዱን እንዲያቆም፣ ከቱቦው አፍ ትንሽ ከፍ ብለን፣ ከውሃው ገጽ እምብዛም ሳንርቅ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ የምትበሳ አንዲት ቀዳዳ ሣልን። ዐሥራ ስምንት ሊትር ይወርዳል። ታችኛው ላይ ሠላሳ ሊትር ባዶ እንተዋለን፤ ከዚያ በላይ እንዳይሞላ በቀይ ቀለም መስመር ይሰመራል። ፓምፑ ለጥገና እንዲወጣ በሁለቱም ቱቦ ላይ ዩኒየን የሚባል በእጅ የሚፈታ ማያያዣ፣ ዋናው መውረጃ ቢደፈን ደግሞ ሁለተኛ መውረጃ። ወለሉን ስናየው ቆንጆ ነበር። እትዬ አስካለ እንኳ ለሁለት ቀን ዞረው አለፉ።

ገንዳው ተሠርቶ መጣ። እኔ ደብረ ብርሃን ወርጄ የፒቪሲ ቱቦውን፣ ጎሚቶውን፣ ዩኒየኑንና ማጣበቂያውን ገዝቼ ተመለስኩ። ገንዳው የሚቆምበትን ወለል ሰብረን፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ቆፍረን፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ሞልተን መቆሚያውን አበጀን፤ ከነውሃው ከነድንጋዩ አንድ የሰባ በሬ ያክላልና። የጭቃ ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ አይችልም።

ቱቦውን በሁለት ቀን ዘረጋሁ። ስለዚያ ሥራ መዋሸት አያስፈልገኝም። የቆረጥኩት ጫፍ ሁሉ በሞረድ የለሰለሰ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ የተጸዳ፣ ቱቦው ሁሉ በክላምፕ የተያዘ ነበር፤ ውሃ ልክ ሲቀመጥበት የመለኪያው ዐረፋ መሐል ላይ ይቆም ነበር። ደብረ ብርሃን ያለ ባለሙያ ቢያየው ሙያውን ትቶ ነጋዴ ይሆን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ደምሴ ለዓይናቸው ጠብታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እኔ ፓምፑ ፊት ብቻዬን ቀረሁ። ፓምፑ ያለ ቼክ ቫልቭ ራቁቱን ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ፓምፕ እንዲህ ትቼ ሄጄ አላውቅም። ስሌት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስሌት ሰው ተኝቶ ሳለ ውሃ ይይዛል ወይ? ሽማግሌው ከመርከብ ወርደው ስንት ዓመታቸው ነው? መዳብ የሚባለውስ ይቺን ከምታህል ዕቃ ስንት ይወጣል? ደግሞ የማትታይ ቦታ አለች፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ቱቦው ከሚታጠፍበት ሥር።

ገጠምኩት። ቱቦውን እንዲመስል ግራጫ ቀለም ቀባሁት። እፎይ አልኩ።

በንጹሕ ውሃ የሞከርን ቀን ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ውሃው ወጣ፣ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ጋሽ ደምሴ መሰኪያውን ነቀሉ። ታች ያለው ውሃ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም ለራሴ አብሬ አጨበጨብኩ። ጋሽ ደምሴ ግን መስመሩ ላይ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ዐሥራ ስምንት ሊትር ሲጠብቁ ስምንት ብቻ ወርዷል። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነቀሉ፣ ደጋግመው ለኩ። የማስላት ነገር ከእጄ ወጥቷል ማለት ነው አሉ። እኔም ያነሰ ወረደ ብሎ የሚያዝን ሰው ዛሬ አየሁ ብዬ አሳቅኋቸው።

ከዚያ ጨዉ መጣ፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በባልዲ የታሸገ። እትዬ አስካለ አሞሌ ሞልቶ በባልዲ ጨው ማስመጣት ምን ይሉታል አሉ። ውሃው በማጣሪያ ተጣርቶ፣ ጨዉ ተለክቶ ተበጠበጠ። ኮራሎቹ የሚቀመጡበት ድንጋይና አሸዋ ገባ። ከስድስት ሳምንት በላይ ባዶ ውሃ ሲዞር ከረመ፤ ውሃው ሕያው ነገር ለመቀበል እንዲበስል መጠበቅ ያስፈልጋል። ጎረቤቱ መጥቶ የሚዞር ውሃ አይቶ ይሄዳል። ባሕሩ ይኸው ነው ወይ ይላል።

ስለ በጎቹ ሳልናገር አላልፍም። በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ እየወጣ በአዲስ ይተካል። መፍሰሻውን ከጓሮ አጥር ሥር አወጣሁት። በሁለተኛው ሳምንት የሰፈሩ በግ በሙሉ እዚያ ነው፤ አፈሩን ይልሳል፣ ቱቦውን ይልሳል፣ አጥሩን ይልሳል። በግ የጠፋበት እረኛ ሁሉ በጉን የሚያገኘው ካፒቴኑ ጓሮ ሆነ። ከቀየት ጨው ሸቷቸው የመጡም ነበሩ እላለሁ፤ ማንም አላስተባበለኝም። ቱቦውን ጎትተው ሲነቅሉት መፍሰሻውን ወደተከደነ ጉድጓድ አዞርኩት። ፕላኑ ላይ በግ አልሣልንም ነበር።

እንስሶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ቀን እኔና ጋሽ ደምሴ ሄደን ተቀበልን። ሁለት ዓሣ፣ ስድስት ቀንድ አውጣና ሦስት ኮራል፣ እያንዳንዱ በላስቲክ ውሃ ውስጥ፣ ሁሉም በፎም ሣጥን፣ ሣጥኑ በእትዬ አስካለ ባና ተጠቅልሎ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭናችን ላይ ይዘነው መጣን። ረዳቱ ምን ጭናችሁ ነው አለ፤ ባሕር አልኩት። ባሕር ከላይ ይጫናል አለኝ።

ገንዳው ውስጥ ሲገቡ እትዬ አስካለ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዓሦቹ ወዲያው ዋኙ። ኮራሎቹ ድንጋይ ላይ እንደተጣበቀ የተኮማተረ ቆዳ ሆነው ቀሩ። መንገድ ደክሟቸው ነው፣ ነገ ይከፈታሉ አሏቸው ባላቸው። በማግስቱ አልተከፈቱም። በሳምንቱም አልተከፈቱም።

ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ላይ እየተላቀቁ ይወድቁ ጀመር። አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ጋሽ ደምሴ ሙቀቱን ለኩ፣ ጨዉን ለኩ፣ መብራቱን ዝቅ አደረጉ፣ ከፍ አደረጉ። ስልካቸውን ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው ሲያነቡ ይውላሉ። እኔ በየቀኑ ጎራ እላለሁ፤ ቱቦውን አያለሁ፣ ቱቦው ደህና ነው እላለሁ። ቱቦው ደህና ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛዋን ቀንድ አውጣ በማንኪያ ሲያወጡ ደረስኩ። ጥፋቱ የኔ ነው አሉኝ፤ ጨዉን የለካሁት እኔ፣ ውሃውን ያጣራሁት እኔ፣ ስሌቱም ያን ጊዜ ነው የሳተኝ፤ ዓይኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ራሴም አብሮ ሄዷል። እትዬ አስካለ ባና እያጠፉ ነበር። እንደ ወትሯቸው ይስቁባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም።

«ደምሴ፣ ይበቃሃል» አሉ ቀስ ብለው። «ድንጋይ ድንጋይ ነው። አንተም ያን ጊዜ ልጅ ነበርክ፤ ልጅ ብዙ ነገር ያያል።»

ጋሽ ደምሴ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ይሆናል» አሉ።

ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት ሲስቁባቸው ያላመኑትን፣ ሲያዝኑላቸው ሊያምኑ ነው። ያዩትን ባሕር አላየሁም ሊሉ ነው። እኔ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ግራጫ ነገር እያሰብኩ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። በነጋታውም እንደዚያው፣ በሠልስቱም። የመጀመሪያዋ ቀንድ አውጣ ከወደቀች ጀምሮ ዘጠኝ ቀን ቆጠርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። እጃቸውን ይዤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስገብቼ አስነካኋቸው። በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ናስ መሆኑን ለማወቅ ዓይን አላስፈለጋቸውም። ይቆጣሉ ብዬ ግድግዳው ድረስ አፈግፍጌ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«እንግዲያው ስሌቴ ልክ ነበር?»

ልክ ነበር አልኳቸው። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ተቆጡ። መርከበኛ ሲቆጣ የሚናገረውን ቃል ግማሹን አላውቀውም፤ የማውቀውን ግማሽ እዚህ አልጽፈውም።

ፓምፑን አጥፍተን፣ ቫልቩን ቆርጬ አወጣሁ። በቦታው አንድ ክንድ የማይሞላ ቀጥ ያለ ፕላስቲክ ቱቦ በዩኒየን ገጠምኩ። ሆዱን ከፍተን አየነው፤ በአሸዋና በጨው ቅርፊት ተይዞ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ጥቂት ሳምንት ብንቆይ ውሃውንም ጨርሶ አይዝም ነበር። የታመንኩበት ዕቃ መርዙንም አፈሰሰ፣ ሥራውንም ተወ።

ከዚያ ውሃውን በየሁለት ቀኑ እየቀነስን በአዲስ ተካን፤ መዳቡን የሚስብ ከሰልም ማጣሪያው ውስጥ አስቀመጥን። ቀሪዎቹ ቀንድ አውጣዎች አልተረፉም። ሁለቱ ኮራሎችም ነጭ ሆነው ቀሩ። አንዱ ግን፣ እንጉዳይ የሚመስለው፣ ትልቁ፣ እንደተኮማተረ ቆየ። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ እነሱ እንደኔ ቆዳቸው ወፍራም ነው።

መብራት ጠፋ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እኛ ሳንነቅለው፣ በራሱ። ሦስታችንም እቤት ነበርን። ፓምፑ ዝም አለ፤ ውሃው ወደ ታች ወረደ፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የፈራሁትን ድምፅ፣ ወደኋላ የሚሳብ ውሃ ድምፅ፣ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ያቺ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ አየር ሳበች፤ ፉት የሚል ድምፅ አሰማችና ሁሉም ቆመ። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ለኩ። ዐሥራ ስምንት ሊትር። ታችኛው ገንዳ እስኪሞላ ገና ዐሥራ ሁለት ሊትር ይቀረው ነበር። እትዬ አስካለ ሳይጠየቁ ሁለት ባና አመጡና ገንዳውን እንደ ታማሚ ሸፈኑት። መብራት እስኪመለስ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ባሕሩ ባና ይለብሳል።

ኮራሉ የተከፈተው ቫልቩ ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። መፍሰሻ ልፈትሽ ሄጄ ነበር። እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ፣ ጋሽ ደምሴ ከጎናቸው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ተቀምጠዋል። የተኮማተረው ቆዳ ተዘርግቶ ከላዩ ጥቃቅን ጣቶች አውጥቷል፤ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ከጫፋቸው እንደ ገብስ ራስ የተበተኑ፣ ውሃው ሲመጣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብሉ። ጋሽ ደምሴ ከተፈጨው ምግብ ጥቂት በቀጭን ቱቦ ጨመሩለት። ጣቶቹ ያዙት፤ ወደ ውስጥ ታጠፉ።

እትዬ አስካለ ወንበራቸውን አስጠጉ። ከዚያ እጃቸውን ሰደዱና ባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ይበላል» አሉ።

«ሌላ ጊዜ ደግሞ እጥፍ ይበላል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አሁን አታብዛው» አሉ እትዬ አስካለ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ለገበያ እየዞሩ ሰው የሚጠሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ባና ሊገዛ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ድንጋዩ ምሳ ሲበላ አይቶ ነው የሚገዛው። ዛሬ ስድስት ኮራል አለ። የጋሽ ደምሴ ዓይን ጠቦ ጠቦ የቀረው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው፤ እሱንም ገንዳው ላይ አድርገው ይውላሉ። ያላዩትን እትዬ አስካለ ይነግሯቸዋል፤ አንዳንዴም ያጋንናሉ።

እኔ ብዙ ቱቦ ዘርግቻለሁ። ለሆስፒታል ዘርግቻለሁ፣ ለትምህርት ቤት ዘርግቻለሁ። ከሁሉ የምኮራበት ይህ ነው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰው በሁለት ጋቢ በሚውልበት አገር፣ በጭቃ ቤት ውስጥ ባሕር ቆሟል፣ ቱቦውም የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ከደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደውሎ እንዲህ ያለ ገንዳ ቱቦ እንዳቅድለት ጠይቆኛል። ጠመኔ ይዤ እሄዳለሁ። ለወጣት ባለሙያዎች የምለው አንድ ነው፤ ፕላኑ ላይ ያልሣላችሁትን ዕቃ አትግጠሙ። ከገጠማችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።

አንድ ነገር ቀርቷል። በዘጠነኛው ቀን ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው ብያለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ የጨው ቅርፊት ሊጠርጉ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ገብተው፣ ግራጫው ቀለም ተልጦ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ሲወጣ አይተው ነበር። ስመጣ ጠብቀው ምንድን ነው አሉኝ። ሻጋታ ነው አልኳቸው። ጥፍራቸውን ምራቅ አስነክተው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ ቢጫው አበራ። ከዚያም ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ «ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የምትነግረው አንተ ነህ» አሉኝ። ስነግራቸው እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ባይቆሙ ኖሮ በዐሥረኛው ቀንም ሻይ ጠጥቼ እወጣ ነበር።